ከመሪው ላይ የምትነሳ ጣት

በዚያ አገር ሰው መኪና ሲነዳ አንድ እጁን ከመሪው አናት ላይ ያሳርፋል። ከፊቱ ሌላ መኪና ሲመጣ አመልካች ጣቱን ብቻ ብድግ ያደርጋል፤ ሰላምታው ይኸው ነው። ሁለት ጣት ካነሳ የሚነግርህ ወሬ አለው ማለት ነው። መላ እጁን የሚያውለበልብ ደግሞ ወይ የከተማ ሰው ነው፣ ወይ ለምርጫ ሊወዳደር አስቧል። ብቻ አንዷ ጣት መነሳት አለባት። ባታውቀውም፣ ብትጣላውም፣ ከብቱ እህልህን ቢበላብህም ታነሳለታለህ። ሰላምታ የእግዜር ነው። አሜሪካ፣ ምዕራብ ነብራስካ፣ ከሰው ይልቅ ከብት በሚበዛበት በዚያ አውራጃ፣ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም።

ስለዚህ በረዶው በጠናበት ወር አንድ ሐሙስ ዱዌን ሆልም የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት መስኮት ላይ ክርኑን አስደግፎ ሮንዳ ኮትሊክን ሲያፋጥጣት ነገሩ ቀላል አልነበረም። ዱዌን የተማሪዎች አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ሮንዳ ደግሞ የተማሪዎቹ ምግብ አብሳይ። ሐሙስ ሐሙስ የሚያቃጥል የሥጋና የባቄላ ወጥ ከቀረፋ ዳቦ ጋር ይቀርባል፣ ዱዌንም ድርሻውን ሳይቀበል አይሄድም።

«ወንድምሽን ምን አድርጌው ነው?» አላት።

«ሌሮይን? ምን አደረገህ?»

«ምንም አላደረገኝም፤ ችግሩ እሱ ነው። በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ጊዜ ጣቴን አነሳሁለት። እንደ ባዳ ጥሎኝ አለፈ። የጣስኩበት አጥር ጉዳይ ከሆነ እኮ መልሼ ሠርቼለታለሁ።»

«አላየህም ይሆናላ።»

«ሮንዳ፣ የምነዳው ቢጫ አውቶቡስ ነው። ቤት የሚያክል።»

ሮንዳ ሳቀችና አንድ የቀረፋ ዳቦ ጨምራ ሸኘችው። «አርጅቷል ባክህ፣ በሐሳብ ነው የሚሄደው» አለችው። ድስቱን ስታጥብ ግን ነገሩ ከሆዷ አልወጣ አላት።

ሌሮይ በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጣታል። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደጋትም እሱ ነው፤ እስካሁን «ትንሿ» እያለ ነው የሚጠራት፣ ትንሿ ሃምሳ ሦስት ዓመት ቢሞላትም። ዘጠኝ ማይል ከሚርቀው እርሻቸው ጠዋት ያመጣታል፣ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ይወስዳታል። ይህን ማድረግ ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። አንድ ቀን እንኳ አልቀረም፣ አንድ ቀን እንኳ አላማረረም።

ምክንያቱን አውራጃው በሙሉ ያውቃል። ሮንዳ በሠላሳ አራት ዓመቷ ኮሎራዶ ውስጥ ምግብ ቤት ትሠራ ነበር። አንድ እሑድ ከባልደረቦቿ ጋር ስትጠጣ አረፈደችና «ምንም አልሆንኩም» ብላ መሪ ጨበጠች። የሰው አጥር ጥሳ ገባች። መኪናዋ የቆመው የልጆች ዥዋዥዌ ላይ ወጥቶ ነው። ልጆቹ ምሳ ሊበሉ ቤት የገቡት ያን ጊዜ ነበር። ሰው አልተነካም፣ ኮሎራዶ ግን መንጃ ፈቃዷን ነጠቀቻት፤ የሚገባትን ነው ያደረገችው፣ ሮንዳም ራሷ ትለዋለች። ዕቃዋን ጠቅልላ ወንድሟ ቤት ገባች። ከዚያች ቀን ወዲህ መጠጥ በአፏ አልዞረም፣ መሪም አልጨበጠችም። ፈቃድሽን አስመልሺ ሲሏት «ለማን ብዬ? ሌሮይ አለልኝ» ትላለች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጋቢና ገብታ ቀበቶዋን አሰረችና መንገዱን ትታ የወንድሟን እጅ ስትመለከት ሄደች።

የቄሱ ግራጫ ፒክአፕ መጣ። የቄሱ ጣት ተነሳች፤ የሌሮይ ጣት ንቅንቅ አላለችም። ቀጥሎ የወተት መኪና መጣ፤ አሁንም የለም። ከዚያ የኩቢኮች ቤት መግቢያ ጋ ሲደርሱ ሌሮይ ጣቱን ቀስ አድርጎ ከመሪው ላይ አነሳ።

«ማንን ነው ሰላም ያልከው?»

«ኩቢክን።»

«ኩቢክ የለም። በሩ ላይ በእንጨት የቆመው የፖስታ ሳጥኑ ነው።»

ሮንዳ እግሯ ሥር ፍሬን ያለ ይመስል የመኪናውን ወለል ተጭናዋለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«በቆሎው ከተሰበሰበ ወዲህ።» ድምፁ ስለ አየር ሁኔታ የሚያወራ ሰው ድምፅ ነው። «መሃሉ ጠፋብኝ። ሰው ሳይ ጆሮውን አያለሁ፣ ፊቱ የለም። ዳርና ዳሩ ደህና ነው። መንገዱን በልቤ አውቀዋለሁ።»

«መንገዱን ብታውቀው ምን ዋጋ አለው? መንገዱ ላይ የሚመጣውንስ?»

እዚህ ላይ ሁሉንም ነገራት። ትልቁ ከተማ ያለችው የዓይን ሐኪም በየወሩ ዓይኑ ውስጥ መርፌ መወጋት አለብህ ብላዋለች። ከተማው ዘጠና ስድስት ማይል ይርቃል። ሁለቴ ለብቻው ነድቶ ሄዷል፤ ሁለተኛው ጊዜ ላይ ዓይኑ በመርፌው ተሸፍኖ ሲመለስ ከጭነት መኪና ጋር ከመጋጨት ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ ወዲህ አልሄደም። ሐኪሟ በስልክ፣ በቆሎ ከመዘራቱ በፊት ካልቀጠልክ የቀረውም ይጠፋል ብላዋለች።

«ዱዌን ይውሰድህ።»

«ሞቼ እገኛለሁ።»

«ቄሱስ?»

«ስሚ ትንሿ፣ አንዱ ካወቀ በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ በየምጣዱ ምግብ ተሸክሞ ይመጣል። በቁሜ ተዝካሬን ሊያወጡልኝ ነው። አንድ ወር ይወስዱኛል፣ ሁለት ወር ይወስዱኛል፣ ከዚያ እርሻ ይደርሳል፣ ከዚያ እኔ ስልክ እየደወልኩ የምለምን ሰው እሆናለሁ። አልለምንም። ሰው ከጠፋ ራሴ ነድቼ እሄዳለሁ።»

እንደሚያደርገው ታውቃለች። ሌሮይ ኮትሊክ ያለውን ያደርጋል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በየቀኑ የመጣው በዚሁ ግትርነቱ ነው። ሮንዳ ከመኪናው ስትወርድ ቁልፉን ነቀለች፣ ቤት ገብታ የዱቄት ጣሳው ሥር ቀበረችው።

«መኪና አትነዳም፣ በቃ» አለችው። «በቆሎ ከመዘራቱ በፊት እኔ እወስድሃለሁ።»

ሌሮይ ወደ ጆሮዋ አካባቢ አየና «አንቺ?» አለ። ሌላ ሰው ቢለው ስድብ ነበር።

በማግስቱ ሮንዳ በአውቶቡስ ከተማሪዎች ጋር ሥራ ገባች። ለዱዌን «ክላቹ ሄዶብን ነው» አለችው። አንደኛ ክፍሎች መሃል ጉልበቷን አጥፋ ተቀምጣ ሳለ አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ «አንቺም ደገምሽ እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት።

ከዚያ የስልኩ ነገር መጣ። ነብራስካ መንጃ ፈቃድ ልትሰጣት ስትል ስሟ ታግዶ አገኘችው፤ እገዳው የኮሎራዶ ነው። እነዚህ ግዛቶች በውሃ ይጣላሉ፣ በግብር ይጣላሉ፣ በኳስ ይሰዳደባሉ፤ አንዷ የነጠቀችውን ሌላዋ እንዳትሰጥ ግን ተማምለዋል። ሮንዳ ድንች እየላጠች ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ወትፋ ኮሎራዶ ደወለች። የመጠበቂያው ሙዚቃ አራት ጊዜ አልቆ አራት ጊዜ ጀመረ። በመጨረሻ አንዲት ሴት አነሳች።

«ወይዘሮ ኮትሊክ፣ ስለ መጠጥና መንዳት የሚሰጠውን ትምህርት አልጨረሱም። ሃያ አራት ሰዓት ነው። ማስረጃው ካልመጣ እኛ ስምዎን አንለቅም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ማመልከቻ፣ ከዚያ መጠበቅ። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዝም ብለው አሁን ምን አስቸኮለዎት?»

ሮንዳ ቢላውን አስቀመጠች። ለማንም ያልተናገረችውን ለማታውቃት ሴት ተናገረች። «ሲነዳልኝ የኖረው ሰው ዓይኑን እያጣ ነው።»

«እስክሪብቶ ይያዙ» አለች ሴትዮዋ። «ማስረጃውን በፖስታ አይላኩት፣ ክምሩ ውስጥ ይገባል። በዚህ የፋክስ ቁጥር ይላኩትና ደውለው እኔን ይጠይቁ።»

ትምህርቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ባለበት መንደር በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ይሰጣል። ስምንት ቅዳሜ። ቅዳሜ ደግሞ አውቶቡስ የለም፣ መኪናው ቁልፉ ዱቄት ውስጥ ነው፣ ዘጠኙ ማይል ግን እዚያው ነው። ሮንዳ ጎተራ ገባች፣ የግቢውን ሣር የምታጭድበትን ተቀምጠው የሚነዱት ባለ ሞተር ማጨጃ ጎትታ አወጣች፣ ነዳጅ ሞላችበት፣ የሌሮይን የከብት ካፖርት ደርባ እግሯን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ወጣች። በአስፋልቱ ሳይሆን ከአስፋልቱ ጎን ባለው ቦይ ውስጥ ነው የምትሄደው፣ ሁለት ሰዓት መሄጃ፣ ሁለት ሰዓት መመለሻ። ቦዩ ለመኪና መንገድ ስላልሆነ የአውራጃው የፖሊስ አለቃ ሸሪፉም ሲያልፍ ደመናውን ማየት ይወድ ነበር።

አውራጃው ሮንዳ አበደች አለ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሰዎች ፍጥነት ቀንሰው አፈጠጡባት። በሁለተኛው ጥቂቶቹ ሳቁ። በሦስተኛው በረዶ እያካፋ ስትመጣ ያዩዋት ጊዜ ግን ጣታቸውን አነሱላት። እሷም ከማጨጃው ትንሽ መሪ ላይ ጣቷን አነሳች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተሳፋሪ ሆና እጇ ጭኗ ላይ ኖሯል፤ ጣት ማንሳት ምን ያህል ደስታ እንደሆነ ረስታው ነበር። አፏ በብርድ ቢደነዝዝም ለብቻዋ ሳቀች።

ስምንተኛው ቅዳሜ አለፈ፣ ማስረጃው ሄደ፣ ሮንዳ በየቀኑ ደወለች። ኮሎራዶ ስሟን የለቀቀችው በረዶው ቀልጦ ገበሬዎች የዘር ማሽናቸውን ቅባት ሲቀቡ ነው። የጽሑፍ ፈተናውን በአንድ ጊዜ አለፈችና የመለማመጃ ወረቀት ተሰጣት። ወረቀቱ ላይ ሕጉ ተጽፏል፦ ከጎኗ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው መቀመጥ አለበት።

«መንጃ ፈቃድ ያለው ማነው?» አለ ሌሮይ፣ ቁልፉን ከዱቄቱ ስታወጣ እያዳመጠ። «እኔ። እስከ መጪው ዓመት ይሠራል፣ በደንብ ያያል ተብሎ ተጽፎበታል። ነይ ላስተምርሽ።»

እንዲህ ሆነና ማየት ያቃተው ሰው ማየት የምትችለዋን አስተማራት። በእርሻው መሃል ባለው ኮረኮንች ላይ ወዲያና ወዲህ ይሉ ነበር። ዥዋዥዌው ፊቷ ላይ ድቅን ሲልባት እጇ ይርድና መኪናው ይንገጫገጫል። ሌሮይ ጆሮውን ወደ መስኮቱ ሰጥቶ ይሰማል።

«የጠጠሩ ድምፅ ተለወጠ። ወደ ግራ ወጥተሻል።»

«አወቅሁ።»

«ማርሹን አታስለቅሺው። ምን በደለሽ?»

«እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ሌሮይ።»

«ይንቀጥቀጥ። መሪውን እስካለቀቀ ድረስ የፈለገውን ይሁን።»

ሐኪሟ የቀጠረችው ለሐሙስ ነው፣ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። የመንዳት ፈታኙ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ጋ የሚመጣው ረቡዕ ረቡዕ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ረቡዕ አላት። ሮንዳ በመጀመሪያው ሌሮይን አስከትላ ራሷ ነድታ ሄደች። ፈታኙ ሚስተር ታልቦት ከትልቅ ከተማ አዲስ የተዛወረ፣ ጫማው ጭቃ ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው። ሌሮይ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጠና እነሱ ሄዱ።

ፍሬቻ አሳየች፣ ስፖኪዮ አየች፣ ወደ ኋላ ነድታ አቆመች። አንድም ነገር አልነካችም። አራቱም አቅጣጫ ቆሞ የሚያልፍበት መስቀለኛ ላይ ስትደርስ ቀድማ ቆመች፤ ዱዌን አውቶቡሱን ይዞ ከቀኝ በኩል ቀጥሎ ቆመ። ሮንዳ እንደ ማንኛውም ጨዋ ሰው ጣቷን ብድግ አድርጋ እለፍ አለችው። ዱዌን አንቺ እለፊ አላት። እሷ ኧረ አንተ አለችው። እንዲህ ሲባባሉ ከኋላቸው ሦስት መኪና ተሰለፈ፣ ማንም ጥሩንባ አልነፋም፤ በዚያ አገር በዚህ የሚናደድ የለም።

ሚስተር ታልቦት ሲጽፍ ቆይቶ ፍርድ ቤቱ ጋ ሲመለሱ ቀና አለ። «ወይዘሮ ኮትሊክ፣ ተራው የእርስዎ ነበር። አላለፉም።»

«ዱዌን እኮ ነው።»

«ማንም ይሁን። በተራዎ አለመሄድ ግራ መጋባት ያመጣል፣ እሱ ብቻውን ይጥላል። በዚያ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ እጅዎን ከመሪው ላይ አንስተዋል።»

«እጄን አይደለም፣ ጣቴን ነው። ሰላም እያልኩ ነው።»

«እኔ የምፈትነው መንዳት ነው እንጂ ሰላምታ አይደለም።» ሰውየው በክፋት አልተናገረውም፤ ያ ደግሞ የባሰ አበሳጫት።

ወደ ቤት ስትመልሰው ሌሮይ ነገሩን ሰምቶ መጀመሪያ ሳቀ፣ ኋላ ሳቁ ጠፋበት። «በይ ተይው ትንሿ። ብዙ ደክመሻል። እኔ ቀስ ብዬ...»

«ዝም በል» አለችው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው እንዲህ ያለችው። «ሐሙስ እወስድሃለሁ አልኩ፣ እወስድሃለሁ። ለአንድ ረቡዕ ባለጌ እሆናለሁ።»

ያን ሳምንት በሙሉ ጣቷን አሠለጠነች። ሌሮይ ጎኗ ተቀምጦ «መኪና መጣ» ይላል በባዶ ሜዳ፤ ጣቷ ስትነሳ ላፍ አድርጋ ትይዛታለች። በሦስተኛው ቀን በፕላስተር ከመሪው ጋር አጣበቀቻት። በአራተኛው ቀን ፕላስተሩ ተነስቶ ጣቲቱ ፀጥ አለች።

ሁለተኛው ረቡዕ ላይ መኪናውም መንገዱም ያው ነው፣ ሚስተር ታልቦትም ያው ነው። መጀመሪያ ያገኘቻቸው ቄሱን ነው። ጣታቸው ተነሳች። ሮንዳ ጥርሷን ነክሳ አለፈቻቸው፤ በስፖኪዮ ስታይ አንገታቸውን አዙረው ያዩዋታል። የወተት መኪናው ሾፌር፣ ኩቢክ፣ የኩቢክ ሚስት፣ በዚያ በረዶ ማጨጃዋ ላይ ሆና ሰላም ያሏት ሰዎች ሁሉ ዛሬ ጣታቸውን አነሱ፣ እሷም ሁሉንም እንደ ባዳ አለፈቻቸው። ፊቷ ጋለ። መስቀለኛው ላይ አሁንም ዱዌን አለ። ቀድማ ቆመች። እሱ በሰፊው ፈገግ ብሎ ጣቱን አነሳላት። ሮንዳ ሳታየው ተራዋን ሄደች።

«አልፈዋል» አለ ሚስተር ታልቦት ፍርድ ቤቱ ጋ ሲቆሙ፣ ወረቀቱን ከጥራዙ ገንጥሎ እየሰጣት። «ዛሬ እጅዎ ጥሩ ነበር።»

እንባዋ መጣ፤ ግን ለማልቀስ ጊዜ አላገኘችም። ቢጫው አውቶቡስ ከኋላዋ መጥቶ ገጭ ብሎ ቆመና ዱዌን ዘሎ ወረደ።

«ምን ቤተሰብ ናችሁ እናንተ?» አለ። ፊቱ ቀልቷል። «እሱ ዘጋኝ፣ ቻልኩ። ቤተ ክርስቲያን መምጣት ተወ፣ ቻልኩ። ክላቹ ሄደ ብለሽ ዋሸሽኝ፣ ክረምቱን በሙሉ ከልጆቹ እኩል አመላለስኩሽ። ዛሬ ደግሞ አንቺ? ያ አጥር ይህን ያህል ነው?»

ሮንዳ አፏን ከፈተች። ብትናገር የወንድሟን ምስጢር ማውጣት ነው፣ ዝም ብትል ጎረቤት ማጣት ነው። ከአግዳሚው ላይ ሌሮይ ተነሳ። እጁን ዘርግቶ የደረጃውን ብረት ፈልጎ ያዘ።

«ዱዌን፣ እሷን ተዋት። ፈተናውን ልታልፍ ብላ ነው እንዲያ የሆነችው።» ወደ ድምፁ ዞሮ፣ ግን ትንሽ ስቶ ነው የሚያየው። «እኔ ደግሞ አልዘጋሁህም። ፊትህ አይታየኝም። ካለፍከኝ በኋላ ነው አንድ ቢጫ ነገር የማየው። ነገ ከተማ ሐኪም ዘንድ ልትወስደኝ ነው።»

ዱዌን ኮፍያውን አወለቀ። ወደ ሮንዳ አየ፣ ማርሽ የለመደውን ሻካራ እጇን አየ፣ ማጨጃውና ቦዩ ትዝ አሉት መሰለኝ።

«ኩቢክ፣ ሌሮይ የፖስታ ሳጥኔን ሰላም ይላል ሲለኝ» አለ፣ «ለኔ እምቢ ብለህ ለእንጨት ስታነሳ ነበር የተቃጠልኩት።»

«ሳጥኑ ጨዋ ነው» አለ ሌሮይ። «አይጮህብኝም።»

ሐሙስ ጠዋት ሮንዳ ሞተር አስነሳች። ወረቀቱ በደረት ኪሷ ውስጥ ነው። ደጃፉ ላይ ሦስት ምጣድ ሙሉ ምግብ ተደርድሮ አደረ፤ ሌሮይ የፈራው አልቀረለትም፣ አንዱን ግን ለመንገድ ብሎ ጭኖታል። ዘጠና ስድስት ማይል ነው። ሁለት እጇን መሪው ላይ አጥብቃ ይዛለች፣ ጣቶቿ ተኝተዋል፤ ሐኪም ቤት እስኪደርሱ አንዷንም አላነሳም ብላለች።

ከፊት ቢጫ ነገር መጣ።

«ዱዌን ነው» አለችው።

ሌሮይ እጁን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ የፊት መስታወቱ ሥር አሳረፈ፣ ጣቱን ብድግ አደረገ። ከወዲያ የዱዌን ጣት ተነሳች፤ ሮንዳ «መለሰልህ» አለችው። ቄሱ መጡ፣ ነገረችው፣ አነሳ። የወተት መኪናው መጣ፣ አነሳ። ትንሽ እንደሄዱ ጥግ ላይ የሆነ ጥላ ታየው መሰለኝ ወደ ፊት ዘንበል አለ።

«ይኸኛውስ ማነው?»

«የኩቢክ ፖስታ ሳጥን።»

ሌሮይ ትንሽ አሰበና ለእሱም ጣቱን አነሳ።